የአስራ ስድስት ዶሮ አንድ ቅርጫት

አያ ክንዱ ያን ቅዳሜ ጧት ከቤታቸው የወጡት ሰው ለማስገዘት ነበር። በአዲ አርቃይ ገደላማ መንገድ ሠላሳ ዓመት ማኪና ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ሆኖም የዶሮዎቻቸው እንቁላል መጥፋት ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ በጎረቤታቸው በውቢት አጥር ሥር ቅርፊት ካዩ ወዲህማ እንቅልፍ አጡ፤ ያዩትንም በሰፈሩ ላገኙት ሁሉ አወሩ። ውቢት ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ዶሮ እንኳ የሌላት ሴት ናት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይደርሱ የወንድማቸው ልጅ ማስተዋል መንገድ ላይ አገኘቻቸው። የእንስሳት ሐኪም ናት።

“ደኅና አደሩ አያ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?”

“ወደ አባ ዕንባቆም ነኝ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ‘የክንዱን እንቁላል የወሰደ ይገዘት’ ብለው እንዲያውጁልኝ።”

ማስተዋል ደነገጠች። በዚያ ሰፈር ግዝት ቀላል ነገር አይደለም፤ የተጠረጠረ ሰው ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚለው ጎረቤት አያገኝም።

“ማን ወሰደው ይላሉ?”

“ስሟን አልጠራም። ቅርፊቱ ግን ደጇ ተገኝቷል።”

“ስንት ዶሮ አለዎት?”

“አስራ ስድስት እንስት።”

“የሚጥሉበትስ?”

“አንድ ሸጋ ቅርጫት አለ። አባቴም በአንድ ቅርጫት ነው የኖረ።”

“አያቴ ስንት ዶሮ ነበራቸው?”

አያ ክንዱ “ሦስት” አሉ።

“እንግዲያው አያ፣ በሰው ከመፍረድዎ በፊት ዶሮዎቹን ቁጭ ብለን እንያቸው። አባ ዕንባቆም ከሰዓትም አሉ። ግዝት ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።”

“ያን ሁሉ ገደል የነዳሁ ሰው ዶሮ ስጠብቅ ልዋል?” ብለው ተቆጡ። ቢሆንም ተመለሱ።

ቅርጫቱ ውስጥ ገብስማዋ ተኝታ ነበር። ቀይዋ መጥታ ላይዋ ላይ ወጣች፤ ሦስተኛዋ ሁለቱንም ትነቁራቸው ጀመር። በግፊያው እንቁላል ተሰበረ። ወዲያው አምስት መንቁር ወረደበት፤ አንዷም ቅርፊቱን ነጥቃ፣ ሌሎቹ እያሳደዷት ወደ ውቢት አጥር ሮጠች። ነጯ ግን ተራ ብትጠብቅ ስታጣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሄደች።

አያ ክንዱ ነጯን ተከትለው ውቢት ደጅ ሲደርሱ ሴትዮዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ግቡም አላለች።

“ቤቴን ሊፈትሹ መጡ አያ ክንዱ?”

“ዶሮዬን ተከትዬ ነው።”

ውቢት ወደ ማገዶው ክምር ወስዳቸው አሮጌ ጆንያ ገለጠች። ከሥሩ አስራ አንድ እንቁላል ነበር።

“ካገኘሁት ሳምንት ሆነኝ” አለች። “ብመልስ ‘ፈርታ መለሰች’ ልባል፤ ብተው ‘ሰርቃ ደበቀች’ ልባል። እጄን አላስነካሁትም።”

“ይቅር በይኝ ልጄ።”

“እኔስ ይቅር ብያለሁ። ሰላምታ የነፈገኝ ሰፈር ግን የሰማው ከእርስዎ ነው። ለእሱ ማን ይነግርልኛል?”

አያ ክንዱ ወደ ቤታቸው ተመልሰው የሳንቃ ቁራጭ አወጡ።

“ስንት የእንቁላል መጣያ ሣጥን ልሥራ?” አሉ ማስተዋልን።

“ለአራት ዶሮ አንድ ሣጥን ይበቃል፤ ስለዚህ አራት። ጨለም ያለ ጥግ ያስቀምጧቸው፣ ጭድ ያንጥፉባቸው። ሣጥኖቹ ከቆጡ ግን ዝቅ ይበሉ።”

“ዝቅ ማለቱ ምነው?”

“ከፍ ካሉ ዶሮዎቹ ያድሩባቸዋል፤ እንቁላሉም በኩስ ይቆሽሻል።”

በማግሥቱ ቅዳሴው ሲወጣ፣ አያ ክንዱ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው በሕዝቡ ፊት ቆሙ።

“የተሰረቀ እንቁላል የለም” አሉ። “ሌባ ካለ የዚህችን ሴት ስም የሰረቅሁ እኔ ነኝ። ለአስራ ስድስት ዶሮ አንድ ቅርጫት አስቀምጬ፣ ጥፋቴን በእሷ ላይ ጫንሁ። በአደባባይ ያማሁትን በጓዳ ይቅርታ አልልም።”

 ውቢት ከሴቶቹ መካከል ቀስ ብላ መጥታ ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረደች።

ዛሬ የአያ ክንዱ ዶሮዎች አይናከሱም፤ እንቁላላቸውም ንጹሕ ነው፣ አይሰበርም፤ ካልተሰበረ ደግሞ መብላቱን ረሱት። ሰው “እንቁላል ጠፋብኝ” ብሎ ሊያማክራቸው ሲመጣ፣ አያ ክንዱ የተጠረጠረውን ሰው ስም ከመስማታቸው በፊት፣ “ዶሮህ ስንት ነው? መጣያህስ?” ይላሉ።