ሁለት ቋጠሮ ቀይ ክር

ነይ ግቢ፣ ደጃፉ ላይ አትቁሚ። ይኼን ጆንያ ላንሳልሽና ተቀመጪ። ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃው ተሻለሽ? ጫማ ቀየርሽ እንዴ? ያምርብሻል። እኔማ ይኸው፣ ከዚህ ዕቃ ቤት ጋር አብሬ እያረጀሁ ነው። ማሽኑ ሁሉ ጠፍቶ ምን ያስጮኽሻል እንዳትዪኝ፤ ሃያ ዓመት ከብረት መቅረጫው ከቶርኖ ጋር ስፎካከር ኖሬ ድምፄ አልወርድ ብሎኝ ነው። ደግሞስ ማን ይሰማናል? ከዚህ ሳንቃ ወዲያ ያለው ቢሮ እንደሆነ... መብራቱ በርቷል እንጂ ሰው መኖሩን በምን አውቃለሁ።

የያዝሽው ማስታወቂያው ነው? እስቲ... "አራቱ የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ተመራቂዎች በተግባር ፈተና ስለተኮራረጁ ዜሮ አግኝተዋል፤ ኮርሱን በሚመጣው ዓመት ይድገሙ።" የቀረው ፊርማ ብቻ ነው? ውይ፣ እንዴት ያለ ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው! አንቺ ስትተይቢው ፍርድ እንኳ ያምራል።

ተይው፣ ሌላ እናውራ። አንድ የማውቃቸው አስተማሪ አሉ። አታውቂያቸውም... ብታውቂያቸውም አታውቂያቸውም። ንጽሕናቸውን ብነግርሽ! ስድስት ዓመት የማምረቻ ትምህርት ሲያስተምሩ አንድ ጠብታ ዘይት ጋውናቸውን አልነካውም። ሌላው አስተማሪ ጥፍሩ እስኪጠቁር ይለፋል። እሳቸው እቴ! ዘይቱም ያፍራቸዋል። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች፤ ጊዜ የተረፋቸው ናቸው። እሳቸው የሦስት ቀን ሥልጠና ሄደው ሁለቱንም ባንዴ ጨርሰው ተመለሱ።

ከዚያ ሲመለሱ "የሥራ ቦታው ይስተካከል፣ የማያስፈልግ ነገር ይወገድ" አሉ። ደግ። መቀስ ይዘው እዚህ ገቡ... አንቺ የቢሮ ሰው ነሽና ልንገርሽ፤ የኛ ካሊፐሮች አርጅተዋል። ካሊፐር ያቺ ብረቱን ነክሳ ውፍረቱን የምትናገረው ናት። አንዳንዷ ምንም ሳትነክስ፣ አፏን ገጥማ እንኳ ዜሮ አትልም። አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ሚሊ ጨምራ ትናገራለች። አዲስ እስኪገዛ ብዬ በነዚያ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፤ ለአንድ አሥረኛ አንድ ቋጠሮ፣ ለሁለት ሁለት። ልጆቹ ሲረከቡኝ "ማዘር፣ ይቺ ስንት ቋጠሮ ናት?" ይላሉ፣ ያን ያህል ቀንሰው ያነባሉ፣ አለቀ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራን። አዲሱ ካሊፐር ዛሬም ሊገዛ ነው።

እሳቸው ክሩን አንድ ሳያስቀሩ ቆረጡት። ፎቶም አነሱ፣ "በፊት" እና "በኋላ" ብለው። የበኋላውማ እንዴት ያምራል! ልናገር አፌን ስከፍት "እትዬ፣ የርስዎ ሥራ ማቀበል ነው፤ ማሰቡን ለኛ ይተዉልን" አሉኝ። ለሰው እንዲህ ይታዘናል? በዚህ ዕድሜዬ ሸክም አቀለሉልኝ። የፈተናው ቀንማ ጭራሽ እንዳልደክም ብለው፣ ተማሪው ራሱ መለኪያውን ከተሰቀለበት ሰሌዳ ያንሳ አሉና፣ እኔን ላይኛው ፎቅ የተሰበረ ወንበር እንድለይ ላኩኝ።

እንግዲህ አራቱ ልጆች አንዲቱን ካሊፐር እየተቀባበሉ፣ ኩሽኔታ ውስጥ የሚገባ ዘንግ በቶርኖ አወጡ። ደህና ካሊፐር የደረሳቸው ሁሉ አለፉ። የነዚህ ዘንግ ቀጠነ። በስንት? በሁለት አሥረኛ። የአራቱም! ታዲያ እኚህ ሰው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "አራት ሰው በአንድ ልክ የሚሳሳተው ሲኮራረጅ ነው።" ይኼ ነው ጭንቅላት! በቶርኖ እንዴት ይኮረጃል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ... እኔ አቀባይ ነኝ፣ አላስብም። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ሲባል ነበር የምናውቀው። እሳቸው ዳውላውንም ማሩና ገበያተኛውን ገረፉ።

እኔ ደግሞ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ ተማሪ ጥሎት የሄደውን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ። የጥራት ቁጥጥር ኮርስ መማሪያ፣ ገጽ አርባ አንድ፣ ምን ይላል መሰለሽ? "ስሕተቱ ከተበታተነ ሠራተኛውን፣ በአንድ ልክ ከተደጋገመ መለኪያውን መርምር።" ወርቅ ቃል! ሽፋኑ ላይ የጻፈው ሰው ስም አለ... እኔ ስም መጥራት አልወድም። የጻፈ ሁሉ ያንብብ የሚል ሕግስ የታለ?

ከአራቱ ያቺን ግራኝ ልጅ ታውቂያታለሽ። ፋብሪካ ቀጥሯት ሰኞ ዲፕሎማሽን ይዘሽ ነይ ብሏታል። ትናንት እዚህ መስኮት ላይ ቆማ "ማዘር፣ እኔ ማንን ኮረጅኩ?" አለችኝ። ምን ልበላት? "ካሊፐሯን ኮረጅሽ፣ ልጄ" አልኳት። አልሳቀችም።

በይ እንግዲህ፣ ወረቀቱን ለማስፈረም ከሳንቃው ወዲያ ስትገቢ ይቺን ካሊፐርም አብረሽ አስገቢልኝ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልያታለሁ። ከመፈረም በፊት አፏን ገጥሞ ማንበብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አይከስስም። ክሯን ግን መልሼ አስሬባታለሁ... ሁለት ቋጠሮ። ካላማረ፣ መቀሱ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

እኔ እንደሆንኩ ቂም አላውቅም። እኚህ ሰው ባለፈው ወር ሴት ልጅ ወለዱ አሉኝ፣ እሰይ! በዕድሜ በጤና ያሳድግላቸው። እጇ የተባረከ፣ አእምሮዋ ብሩህ ይሁን። አድጋ እንደነዚህ ልጆች ኮሌጅ ትግባላቸው። ያኔ ታዲያ... ፈጣሪ ከአስተማሪ ሁሉ መርጦ፣ ቁርጥ አባቷን የመሰለውን ይስጣት።

አሜን በይ እንጂ።