የአንድ ለእናቱ ሸክም

ጋሼ መስመር ያን ዕለት ረፋድ ላይ ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው የገቡት ማራገቢያ ሊገዙ ነበር። ስማቸውን ትቶ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ መስመር» የሚላቸው ለአሥራ ስምንት ዓመት ቤት ለቤት እየዞሩ የኢንተርኔት መስመር ሲያስገቡ ስለኖሩ ነው። የአንዱን ማራገቢያ ክንፍ በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ከኋላቸው የሚያውቁትን ድምፅ ሰሙ።

«ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ማራገቢያ ለማን ነው?»

ዘወር ቢሉ የጎረቤታቸው ልጅ ናት። በልጅነቷ «ለምን?» ስትል ውላ «ለምን?» ስትል ስለምታመሽ «ጥያቄ» የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው ነበሩ። አሁን ተምራ በአንድ ትልቅ ድርጅት የሰርቨሮችን ሥራ የምታቅድ ባለሙያ ሆናለች፤ ወላጆቿን ልትጠይቅ መምጣቷ ነው።

«ለአንድ ለእናቱ ነው ልጄ። ሰሞኑን ትኩሳቱ አልለቅ ብሎታል።»

አንድ ለእናቱ የሚሉት ሰርቨራቸውን፣ ማለትም ደንበኞቹን ሁሉ የሚያገለግለውን ኮምፒውተር ነው። የደንበኞችን ኢሜይል ተቀብሎ የሚያስቀምጥ እሱ፣ የይለፍ ቃል ጠይቆ ወደ ኢንተርኔት የሚያስገባ እሱ፣ የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻ የሚፈታም እሱ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ፈገግታዋ ቀነሰ።

«ካላስቸገርኩዎት ሄጄ ልየው?»

የጋሼ ቢሮ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ ለእናቱ ከመስኮቱ ሥር በዳንቴል ተሸፍኖ ያጓራል። መቼም ሰው የሚወደውን ማልበስ አይተውም።

«ጋሼ፣ ትንፋሽ ያሳጠረው እኮ ይህ ዳንቴል ነው።»

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው! ባለቤቴ አሥር ቀን ሙሉ የሠራችው ነው።»

«እሳቸውን አላስቀይምም፤ ሌላ ቦታ እናለብሰዋለን። ለመሆኑ በቀን ስንት ኢሜይል ያስተናግዳል?»

«ብዙ።»

«ብዙ ስንት ነው?»

«እንግዲህ ጀመረሽ! ደንበኛ ይከበራል እንጂ አይቆጠርም።»

«እንግዳውን ሳይቆጥር ወንበር የሚደረድር ሰው ግማሹን አቁሞ ነው የሚያከብረው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ሳቁ፤ ግን ነገሩ ቆንጠጥ አድርጓቸዋል። «ስሚኝ ልጄ» አሉ ወንበር እየሳቡ። «በስልሳ ደንበኛ ጀመርኩ፣ ዛሬ ሦስት ሺህ ናቸው። በመጪው ወር መጀመሪያ የሰፈሩ ክሊኒክ ደንበኛዬ ሆኖ ይገባል። የበሽተኞች የደም ምርመራ ውጤት ለሐኪሞች የሚላከው በእኔ ኢሜይል ይሆናል። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲሉ ድምፃቸው ሳሳ። ክሊኒኩ እሳቸውን መምረጡ የአሥራ ስምንት ዓመት ልፋታቸው ዋጋ ነው፤ ቃላቸው ከታጠፈ በሰፈሩ ቀና ብለው መሄድ አይሆንላቸውም።

«ታዲያ ሰርቨሩ ሲታመም በምን ያውቃሉ?»

«ራሱ ይነግረኛል! ኢሜይል እንዲጽፍልኝ አድርጌዋለሁ።»

«ኢሜይሉ የሚያልፈው በማን በኩል ነው?»

«በእሱው ነዋ።»

«ሟች የራሱን ሞት ሊያረዳ ማለት ነው?»

«የደንበኞቹ ዶሴ ቅጂ ግን አለኝ» አሉ ጋሼ።

«የት?»

«እዚሁ ሆዱ ውስጥ።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጋሼ፣ ሥራውን ለብዙ ሰርቨር እናከፋፍለው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለችም ይባላል! ስንት ዓመት ያልከዳኝን አልነካካም» ብለው ተቆጡ። ለሰው ልጅ የለመደውን መተው ከባድ ነው፤ የለመደው ነገር እየጎዳው እንኳ ቢሆን።

ስልኩ ጮኸ። «ጋሼ፣ ኢንተርኔት እምቢ አለኝ!» ከታች ያለው መድኃኒት ቤት ነው። ሳይዘጉት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ደወለ፤ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጡረተኛ መምህርት። ጥያቄ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጣ ፈተሸች። ለካ አንድ ደንበኛ ፎቶ አንሺ የምረቃ አልበሙን ሙሉውን ለሦስት መቶ ተመራቂዎች በኢሜይል ልኮ ኖሯል። አንድ ለእናቱ ያን ተሸክሞ ሲያቃስት የይለፍ ቃል የሚጠይቅበት ፋታ አጣ፤ ሦስት ሺህ ሰው በር ላይ ቀረ።

«የእርስዎም ማስጠንቀቂያ አለ» አለች ጥያቄ። «ከፎቶዎቹ ኋላ ተሰልፏል፤ ሦስት መቶ አንደኛ ነው።»

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳ። የክሊኒኩ ዋና ነርስ ናቸው፤ ከመፈራረማቸው በፊት ቦታውን ሊያዩ የመጡ። የሆነውን ቆመው ሰሙና ረጋ ብለው ጠየቁ፦

«ጋሼ፣ ዛሬ የእኛ ውጤት ቢሆንስ ኖሮ?»

ጋሼ መስመር መዋሸት ይችሉ ነበር። ነገር ግን ውጤት የሚጠብቅ በሽተኛ ታያቸው፣ አፈሩም።

«ከፎቶው ኋላ ይሰለፍ ነበር፣ ሲስተር። በእውነት አልተዘጋጀሁም። እስከ ወሩ መጀመሪያ ጊዜ ይስጡኝና ተመልሰው ይፈትኑኝ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል ሰምቼ አርጅቼ፣ ቤቴ ውስጥ አንድ ብርቱ አስቀምጬ ኖርኩ። በይ ልጄ፣ ጠይቂኝ። ዛሬ እስኪመሽ ጠይቂኝ።»

ጠየቀችም። መጀመሪያ ቆጠሩ፦ በቀን ስንት ኢሜይል፣ በወር ስንት አዲስ ደንበኛ፣ ዲስኩ መቼ ይሞላል። ከዚያ ሥራውን ለያዩት። ኢሜይሉ ሁለት ሰርቨር አገኘ፣ አንደኛው አንድ ለእናቱ፣ ሁለተኛው አዲስ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይረከባል። የይለፍ ቃል ጠያቂውና የድረ ገጽ ስም ፈቺው የየራሳቸው ሰርቨር ተሰጣቸው፤ የሁሉም ተጠባባቂ በሌላ የመብራት መስመር፣ ከመንገዱ ማዶ ጡረተኛዋ መምህርት ቤት ተቀመጠ። ቅጂውም እዚያው። ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ወደ ጋሼ ስልክ እንዲመጣ ሆነ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ከልክ ያለፈ ኢሜይልም በትሕትና ወደ ላኪው ይመለሳል። ዳንቴሉ የእንግዳ ጠረጴዛ ላይ ተነጠፈ፤ ባለቤታቸውም «አሁን ገና ሰው አየው» ብለው ተደሰቱ።

ወሩ ሲገባ ነርሷ ተመልሰው መጡ። ጋሼ በገዛ እጃቸው የአንደኛውን የኢሜይል ሰርቨር ገመድ ነቀሉ። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ፤ ለሙከራ የተላከውም ደብዳቤ በሁለተኛው በኩል ደረሰ። ነርሷ ሳቁና ፈረሙ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጋሼ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ፣ ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ እንደተቀመጡ፣ ስልካቸው ጮኸ። «አንደኛው ቆሟል፤ ሁለተኛው ተረክቧል» ይላል መልእክቱ። ይኸኛው ሙከራ አልነበረም፤ አንድ ለእናቱ በእውነት ተቃጥሎ ነበር። ፈጥነው ወደ ክሊኒኩ ደወሉ።

«ሲስተር፣ ዛሬ የዘገየ ውጤት አለ?»

«ኧረ የለም! አሁን አንድ አስቸኳይ ልከን ሐኪሙ ወዲያው መልሶልናል። ምነው፣ የተፈጠረ ነገር አለ?»

ጋሼ መስመር ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ምንም» አሉ። «ምንም የለም።» ፀጉር አስተካካዩንም «ጨርሰው፣ አልቸኩልም» አሉት።

አንባቢ ሆይ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አስቀድሞ ያቀደ ሰው በመከራው ቀን ፀጉሩን ተስተካክሎ ይነሳል፤ ደንበኛው ሳይንገላታ፣ በሽተኛው ሳይጠብቅ፣ ቃሉም ሳይታጠፍ። ጋሼም አሁን ሰኞ ሰኞ ደብተር ይዘው «ስንት ደረሰ? እስከ መቼ ይበቃል? ቢወድቅስ?» እያሉ አዲስ የቀጠሯቸውን ሠራተኞች መፈናፈኛ ያሳጣሉ። ሠራተኞቹም በሌሉበት አዲስ ስም አውጥተውላቸዋል፦ «ጋሼ ጥያቄ»።