በጃንጥላ የተቋረጠው ቴአትር

ከጎበሳ ወደ አሰላ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ጎናቸው ላለችው ተማሪ ያወሩላታል።

«ትምህርት ቤቱ ባሳየው ቴአትር ላይ ልጄ በጩቤ ተወጋ።»

«ውይ! የውሸት ነው አይደል፣ እትዬ?»

«የውሸት ነው። ሲወድቅ ግን አላስቻለኝም፤ መድረክ ላይ ወጥቼ ገዳዩን በጃንጥላ ወቀጥኩት።»

«ገዳዩን ሆኖ የሚሠራው ማን ነው?»

«የጎረቤቴ ልጅ። እናቱ ደግሞ ተከትላኝ ወጥታ ጃንጥላዬን ሰበረችው።»

«ቴአትሩ ስለ ምንድን ነበር?»

«ደም መመለስ ማብቂያ የለውም ይላል። እውነት ነው! ሰው ግን አይማርም።»

«ታረቃችሁ ታዲያ?»

«ቅዳሜ በድጋሚ ይታያል እኮ!»

«አሁንስ ወዴት ነዎት?»

«ጃንጥላ ልገዛ። ዘንጉ ብረት የሆነ።»

ለቅዳሜ የነበረኝን ቀጠሮ በሆዴ ሰረዝኩት።