ጋሼ ራሳቸውን ሲነቀንቁ

(ወልድያ፣ በጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር በጋሼ አጥናፍሰገድ ሳሎን፤ ነርስ የሺሐረግ ስልኳን ጨብጣ ቆማለች፤ ለአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ትናንት በቪዲዮ ፈተና የሰጠቻት የስኮትላንድ ሴትዮ አሁን እንደገና ልትደውል ነው።)

የሺሐረግ፦ በሞቴ ጋሼ! ትናንት ምን ምን ብላ እንደጠየቀችኝ አንድ በአንድ ይንገሩኝ!

አጥናፍሰገድ፦ ያን ሁሉ ከየት አስታውሳለሁ? ደግሞ ቁጭ በይ፣ አትንቆራጠጪብኝ።

የሺሐረግ፦ እንዴት ልቀመጥ? ጠዋት ከስኮትላንድ የላኩልኝን ኢሜይል አነበብኩልዎት አይደል? «መድኃኒት አልወስድም ያለ ሽማግሌ ትመቺያለሽ ወይ ስንልሽ የስ አልሽ» ይላል። እኔ! ዝንብ እሽ የማልለዋ!

አጥናፍሰገድ፦ ማን የስ በይ አለሽ?

የሺሐረግ፦ እርስዎ ነዎታ! ከስልኩ ጀርባ ተቀምጠው ሲነቀንቁ «የስ»፣ ሲወዘውዙ «ኖ» ልል አልተስማማንም? አንዴ እንኳ አልወዘወዙም!

አጥናፍሰገድ፦ መስመሩ ይቆራረጥ ነበር።

የሺሐረግ፦ ኧረ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው! ከሥራ ተባረሽ ታውቂያለሽ? የስ። በሽተኛ እያቃሰተ ትተኛለሽ? የስ። ጉዴ ፈላ እኮ!

አጥናፍሰገድ፦ ጥፋቱ የሴትዮዋ እንግሊዝኛ ነው። እኛን ህንዳዊው ሚስተር ኩሪያን ሲያስተምሩን ቃሉ አንድ በአንድ ነበር የሚወጣው። ይቺ ግን ዝም ብላ ታንደቀድቀዋለች።

የሺሐረግ፦ እሷም የእኔን አልሰማችም። እናቴ ዐምና ሞተችብኝ ብላት ምን አለችኝ? «ግሩም ነው!»

አጥናፍሰገድ፦ እሱን እንኳ ሰምቻለሁ።

የሺሐረግ፦ ሰምተው ነው የነቀነቁት?!

አጥናፍሰገድ፦ ፈገግ ስትል ጊዜ… ምን ላድርግ፣ ለምዶብኝ።

የሺሐረግ፦ አይሳቁብኝ ጋሼ፣ ላብድ ነው! የምሠራበት ክሊኒክ ከተዘጋ ስምንት ወር ሆነኝ። ይቺን አሥር ደቂቃ የሰጡኝ ምናልባት አልተግባባን ይሆናል ብለው ነው። ዛሬም ካበላሸሁ አለቀልኝ። ምናለ «ይድገሙልኝ» በያት ቢሉኝ?

አጥናፍሰገድ፦ አንዴ አስደግመናት የለም? ሰው አክብሮ ሲያናግርሽ ሦስቴ ምን አልሽ ማለት ነውር ነው።

የሺሐረግ፦ ሽማግሌ እመታለሁ ማለትስ? እሱ ነውር አይደለም? እውነቱን ይንገሩኝ። ከጥያቄዋ ስንቱ ገባዎት?

አጥናፍሰገድ፦ ስምሽን ስትጠራ ገብቶኛል።

የሺሐረግ፦ ከዚያስ?

አጥናፍሰገድ፦ ከዚያማ አንቺ ዓይን ዓይኔን ስታዪኝ አልገባኝም ማለቱ ሞት ሆነብኝ። ይኸው ነው። የወልድያ ግማሹ «ቲቸር» እያለ የሚነሳልኝ ሰውዬ፣ በስተርጅና በአንዲት ሴትዮ ልዋረድ? አፈርኩ፣ ልጄ። በአንቺ እንጀራ አፈርኩ።

የሺሐረግ፦ ወይኔ ጉዴ! ደወለች! ጋሼ፣ እየጠራ ነው! ይምጡ፣ እንደ ትናንቱ ፊት ለፊቴ ይቀመጡልኝ!

አጥናፍሰገድ፦ አልቀመጥም።

የሺሐረግ፦ ብቻዬን ሊተዉኝ ነው? ሊዘጋብኝ ነው እኮ! ምን ልበላት?

አጥናፍሰገድ፦ አንሺው። ገና አፏን ስትከፍት «አልገባኝም» በያት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ ያለኝን ተማሪ ሁሉ ሳንበረክክ ነው የኖርኩት፤ አንቺንም ጭምር።