አሸዋ የለበሰ ፉጨት

«ጆሮው» የሚለውን ቅጽል ስም ሰፈሩ ያወጣለት ለሙገሳ ነበር፤ ቴፕ ጠጋኙ ግን እንደ ማዕረግ ተሸክሞት ኖረ። አንድ ጠዋት ድምፅ ቀረጻ የተማረችው የወንድሙ ልጅ በመንገዷ ሰላም ልትለው ጎራ ስትል፣ ከማዶ ያለው ቤት ባለቤት የሆኑት ባልቴት ካሴት ይዘው ባንኮኒው ፊት ቆመዋል።

«ከሟቹ ባለቤቴ የቀረኝ ድምፅ ይኸው ፉጨቱ ነው። እርስዎ በቀዱልኝ ቅጂ ላይ ግን አሸዋ ለብሶ፣ እየተንኮሻኮሸ መጣ» አሉ።

«እትዬ፣ አሸዋው ጆሮዎ ውስጥ እንዳይሆን!» አለ ጆሮው እየሳቀ። «ቴፔን በባዶ ካሴት ፈትሼዋለሁ፤ ጭጭ ነው። ሙሉ ባንድም ቀድቼበታለሁ፤ ጥርት ያለ ነው። ሠላሳ ዓመት የፈተሽኩት እንዲህ ነው።»

«ጋሼ፣ ስህተቱ እኮ እዚያ ላይ ነው» አለች ልጅቷ።

«ደግሞ አንቺ ስለ ጆሮ ልታስተምሪኝ?»

«አይቆጡኝና፣ ይህ ጫጫታ ብቻውን አይኖርም። ድምፅ ሲመጣ ይመጣል፣ ድምፅ ሲቆም ይቆማል። በባዶ ካሴት ቢፈልጉት ከየት ያገኙታል?»

«እሺ፣ ባንዱ ላይስ ምን ዋጠው?»

«ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ዘፋኙ ተደራርበው ሸፈኑት። ፉጨት ግን አንድ ቀጭን ድምፅ ነው፤ ከጆሯችን የሚሰውረው በቅጥነት የሚቀርበውንና ከሱ የባሰ የቀጠነውን ነው። ከሥሩ በወፍራሙ የሚንኮሻኮሸው ራቁቱን ይቀራል።»

«የመጽሐፍ ወሬ!»

«እንግዲያው ያፏጩና ይቅረጹት።»

አፏጨ፤ አጫወተው። ፉጨቱ ሲነሳ አሸዋው አብሮ ተነሳ፤ ሲቆም አብሮ ጭጭ አለ። የቴፑን ክዳን ሲከፍት፣ የካሴቱን ክር የሚስበው ጎማ ተሰነጣጥቆ ክሩን ያንቀጠቅጠዋል።

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ።

የባልቴቷ ፊት በራ። «ተመስገን! ጎማውን ይቀይሩና ከዋናው ካሴት እንደገና ይቅዱልኝ።»

ጆሮው አንገቱን ደፋ። ቅጂ ባስረከበ ቁጥር «አሮጌው ምን ያደርግልዎታል?» እያለ ዋናውን አስቀርቶ በላዩ ሌላ መቅዳት የቆየ ልማዱ ነው። በሟቹ ፉጨት ላይ ትናንት ሙሉ ባንድ ተቀድቶበታል፤ ያውም ጥርት ብሎ።

«ዋናው... የለም» አለ። ባልቴቷ ቅጂውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

ጆሮው ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። የሰው ዋና ካሴት አይነካም፤ ያረጀ ጎማ በጊዜው ይቀይራል፤ ደንበኛ «ይሰማኛል» ሲለው ሳይከራከር ያዳምጣል። የሰፈራችን ልጆች የእናቶቻቸውን ድምፅ ዛሬ ንጹሕ አድርገው የሚወስዱት በዚህ ነው። ቴፑንም በየማለዳው የሚፈትሸው ራሱ እያፏጨ ነው።

ፉጨቱ በተሰማ ቁጥር ከማዶ ያሉት ባልቴት መስኮታቸውን ይዘጋሉ።