የፈረቃ አልጋ

— ሄሎ... ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ? የማን ስልክ ነው?... የጋጋሪው? ያ ጎረቤቴ ነው የምትለው?... እሺ፣ ያንተ ባትሪ አለቀ። ቆይ ልቀመጥ... እህ፣ ከዚያ አገር ግብር ቢሮ ወጣህ?

— ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ። ቤቱን እንሸጣለን ወይስ አንሸጥም?

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? ድገምልኝ እስቲ... አንሸጥም?

— እማዬ፣ ልጅዎ ነው። ቤቱ አይሸጥም። አዎ፣ አይሸጥም። ካርቶኑን ይተዉትና ድስቶቹን መልሰው ያውጡ... አይ፣ እናትህን ነው። ገዢው መጥቶ ግድግዳውን ደባብሶ ከሄደ ጀምሮ ዕቃ ሲያስሩ ነው የከረሙት። ጭልፋ እንኳን አላስቀሩልኝም፤ በሹካ ነው የማማስለው።

— እፎይ... እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ። የየትኛው አገር ነዋሪ ነህ ተባለ?... የዚህ? የዚህ ብቻ?... እዚያ ከደሞዝህ የተቆረጠውንም እዚህ ያስቡልሃል። እሰይ። እኔማ ለሁለቱም አገር ግብር ስንከፍል ቤታችንን ሸጠን ከሁለት ያጣ ሆነን ቀረን ብዬ ነበር። እነዚያ «ክፍል ተከራይተሃል፣ የእኛ ነህ»፣ እነዚህ «ሚስትህና እናትህ እዚህ ናቸው፣ የእኛ ነህ»... አንድ በያጅ ላይ ሁለት አገር ሲሻማ። እኔን ስታገባ እንኳን ይሄን ያህል ፈላጊ አልነበረህም።

— እና በምን አሳመንካቸው? ወደ እኛ በምትመላለስባቸው የአውቶቡስ ቲኬቶች?... ዞር ብለውም አላዩዋቸው?... «ክፍሉ በፈለግክ ሰዓት የምትገባበት ነው ወይ» አሉህ። ነው አልካቸዋ... እንዴት አይደለም? ቁልፉ ኪስህ ውስጥ አይደለም እንዴ?

— አታጉረምርም፣ ጮክ ብለህ ንገረኝ...

— አልጋውን?... ከጋጋሪው ጋር?... እሱ ሌሊት ይጋግራል፣ ቀን ይተኛል። አንተ ቀን ትበይዳለህ፣ ሌሊት ትተኛለህ። በዚያው በአንዱ አልጋ... እሱ ሥራ በማይገባበት ሌሊትስ?... መሬት ላይ። እሺ።

— ከመቼ ጀምሮ?... ከመጀመሪያው። ወደ አትክልቱ የሚያይ መስኮት አለኝ ያልከኝስ?... መስኮትም የለው። እኔ ደግሞ መጋረጃ ሰፍቼ ልኬልሃለሁ... ምን አደረግከው?... ትለብሰዋለህ?

— አልተቆጣሁም... ኧረ ተቆጥቻለሁ፣ ግን ስትመጣ ነው የምቆጣህ። አሁን ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን አታበላሽብኝ። አንጀቴን በላኸው እንጂ... እኔ እዚህ በሰፊ አልጋ እየተንፈላሰስኩ።

— እና ጋጋሪውን ምስክር ይዘህ ቀረብክ?... ከሥራ ወጥቶ፣ ሳይተኛ? ከነዱቄቱ?... ኃላፊውስ ምን አለ?... «ተራ የሚጠበቅበት አልጋ ቤት አይባልም፤ ቤትህማ ሚስትህ ያለችበት ነው»... እንደዚህ አለ? ከአፉ ማር ይጠብ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ነው የሚባለው። እኔን ልታኮራ የደበቅከው ነገር ቤታችንን አተረፈው።

— ምንም አይደለም እማዬ፣ ልጅዎ በፈረቃ ነው የሚተኛው። አልጋ ተጋርቶ... ኧረ ከሴት ጋር አይደለም፣ ከዳቦ ጋጋሪ ጋር ነው... አዎ፣ ወንድ ነው። ይኸው፣ ሳቁብህ።

— አሁን የት ሆነህ ነው?... አልጋው ላይ ተቀምጠህ? እሱስ?... በር ላይ ቆሞ? ተራው እኮ ነው፣ አንተ ሰው። እስቲ ስጠኝ እሱን።

— ሄሎ፣ ወንድሜ። እንዴት አደርክ... አይ፣ ምስጋናውማ የእኔ ነው። እንቅልፍህን ትተህ ቤቴን አዳንክልኝ... ያንኮራፋል? አውቃለሁ፤ አንተስ ሥራ በማትገባበት ሌሊት ብቻ ነው የምትሰማው፣ እኔ ነኝ የማውቀው... እሺ፣ እነግረዋለሁ። ስጠኝ እስቲ።

— ሰማኸኝ? ተነስ። ይተኛበት። አንሶላውን ዘርጋለት፣ ትራሱን ገልብጥለት... አይ፣ መጋረጃውንም ተውለት፣ ይደርብበት። አንተ አርብ ትመጣ የለ? እዚህ ተራ አይጠበቅም። ያንተ ጎን እንዳለ ነው፤ ብቻዬን ስሆን እንኳን አልሻገርም።

— ... እኔም። በል ዝጋው፣ ሰውዬው ቆሟል።