ቦታዋን የሳተችው «ያለ»

ጋሽ በሽር፣ የቢሯችን ሰዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። በስብሰባ እጇን አውጥታ የማታውቅ ሴት ዛሬ በጋሽ በሽር የጡረታ ሽኝት ልናገር ስትል ብትስቁ እውነታችሁን ነው። ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ ባላነሣ ግን ሐፍረት ይዞኝ ነውና ይቅር በሉኝ።

ጋሽ በሽር ከሐርቡ ተዛውረው ደሴ የመጡ ዕለት እኔ ደረጃውን እወለውል ነበር። በራችን ላይ የባጃጅ ጎማ ፈነዳ። አዲሱ ተቆጣጣሪ ቦርሳቸውን እንዳንጠለጠሉ ወጡና ባለባጃጁን፣ «ይሄን ርችት የተኮስከው በማን ፈቃድ ነው?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ ጎማ ነው ወላሂ!»

አላመኑትም፤ አጎንብሰው ጎማውን አሸተቱት። «ጋሽ ርችት» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ዕለት ነው።

የልጃቸው የከሪማ ሰርግ ኮምቦልቻ ሲደገስ ደግሞ የሙሽራው ጓደኞች አንድ ካርቶን ርችት ይዘው ገቡ። የሙሽራዋ አባት ተነሡ። «ፈቃድ?»

«ጋሼ፣ ሰርግ እኮ ነው!»

«ሰርጉን ፈቅጃለሁ። ርችቱን አልፈቀድኩም።»

ካርቶኑን እንዳለ ለስላሳው የሚቀዘቅዝበት በርሜል ውስጥ ነከሩት። ያን ቀን የሚሪንዳው ጠርሙስ ባሩድ ባሩድ ይሸት እንደነበር እዚህ ያላችሁ ትመሰክራላችሁ።

ሳቃችሁን ከጨረሳችሁ አሁን የመጣሁበትን ልናገር።

ያቺን የአዲስ ዓመት ማስታወቂያ ታስታውሷታላችሁ። «ርችት ያለ ፈቃድ መሸጥም ሆነ መተኮስ ክልክል ነው» መባል ሲገባው፣ «ፈቃድ ያለው ርችት መሸጥም ሆነ መተኮስ ክልክል ነው» ብላ ፒያሳ ተለጥፋ ዋለች። ባለሱቁ ሀፊዝ ርችቱን ደጅ ላይ ደርድሮ፣ «ጋሽ በሽር፣ የኔ እኮ ፈቃድ የለውም፤ የተከለከለው ያለው ነው!» ብሎ ሲሟገት መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ማምሻውን ግን ከዚያው ሱቅ የተገዛ ርችት የጎረቤቱን ልብስ ሰፊ የሸራ ጣሪያ አነደደው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።

በማግስቱ የያኔው ኃላፊ «ማነው የጻፈው?» ሲሉ ጋሽ በሽር «እኔ ነኝ» አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ሊሾሙበት የነበረው የቡድን መሪነትም ለሌላ ሰው ሆነ።

የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጸሐፊዋ ወሊድ ላይ ነበረች። እኔ የኮንትራት ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ከቅርጫት በማነሣው ወረቀት ማንበብና መጻፍ መልመዴን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «አትጠገብ፣ እስቲ አንቺ ጻፊው» ብለው አመኑኝ። እኔም እንዲያምር ብዬ ቃሉን አዟዟርኩት። ኃላፊው ሲጠይቁ መወልወያዬን ይዤ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብዬ መወልወሌን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት «ፈቃድ ያለው ርችት» እያላችሁ ስትቀልዱባቸው እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዝምታዬ ይልቅ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

ማስጠንቀቂያው በተሰጣቸው ሳምንት ጋሽ በሽር አስጠሩኝ። ሊያባርሩኝ መስሎኝ ሄድኩ። እሳቸው ግን ንጹሕ ወረቀት አቀረቡልኝ። «‹ያለ› ከፊት ስትመጣ ታጎድላለች፣ ከኋላ ስትመጣ ትሞላለች። ያለ ውሃ፤ ውሃ ያለው። በይ ጻፊ።» ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት እንዲህ አስተማሩኝ። ዛሬ መዝገብ ቤት የተቀመጥኩት በዚያ ነው።

ጋሽ በሽር፣ ራስዎን አይነቅንቁብኝ፤ ዛሬስ አላቆምም። አዲሱ ኃላፊያችን እዚሁ ስላሉ፣ የተናገርኩትን ነገ ጠዋት ፈርሜ አስገባለሁ። ያ ማስጠንቀቂያ ከእርስዎ ማህደር ወጥቶ ወደ እኔ ይግባ። የት እንዳለ አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ።

በሉ ለስላሳችሁን አንሡ። አሽትቼዋለሁ፣ ባሩድ የለበትም። ጋሽ በሽር፣ እናመሰግናለን። አላህ ጤና ያለው ዕድሜ፣ የልጅ ልጅ ያለበት ቤት ይስጥዎ። እኛ ግን ከነገ ጀምሮ ያለ እርስዎ ነን።

ቃሏን ዛሬ አልሳትኳትም። ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ከፊት ናት።